ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ የአደጋ ጊዜ የሬዲዮ መገናኛ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራው ዛሬ ተጀምሯል። ዓላማው በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል፦ በደሴና በኮምቦልቻ ስልክ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ እንኳ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚላክ የአደጋ መልእክት ሳይዛባ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ወደሚመለከተው ሰው እጅ የሚደርስበትን የሬዲዮ መስመር መዘርጋት ነው።

በዚህ ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳዩን የሰው ሁሉ መነጋገሪያ አድርጎታል። ለወሎ ሰው ግን ስጋቱ አዲስ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ወር ጀምሮ ክረምቱን የዘለቀው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል፤ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። ካራ ቆሬ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደሴ ደግሞ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ክረምቱ በበረታ ቁጥር የመሬት መንሸራተት ያሰጋታል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በደረሰ ጊዜም ስልክና መብራት ተቋርጦ፣ ሰው የዘመዱን ደኅንነት የሚጠይቅበት መንገድ አጥቶ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን።

የምንሠራባቸው ዕቃዎች በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ለዓመታት ተቀምጠው የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ በሞዴል 22 ወጪ ሆነው ተረክበናል። አብዛኞቹ ሞቶሮላ ጂፒ 340 የእጅ ሬዲዮዎች ሲሆኑ፣ ጥቂት ጂኤም 360 የመኪና ሬዲዮዎችና አንድ ኮዳን የተባለ የረጅም ርቀት ሬዲዮ አብረው አሉ። የፍሪኩዌንሲው ፈቃድ ባለቤትም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። እኛ በጎ ፈቃደኞች በእርሱ ፈቃድና በእርሱ ስም እንሠራለን።

ጥር 13

የፈቃዱ ጉዳይ ቀድሞ መጥራት ስላለበት የዛሬው ውሎ በወረቀት ሥራ አልፏል። የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማንም ሰው ሬዲዮ ገዝቶ በመሰለው ፍሪኩዌንሲ መናገር አይችልም። ከገበያ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ገዝተው ሊያግዙን የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በጎ ሐሳባቸውን አመስግነን ሬዲዮዎቹን በቤታቸው እንዲያስቀምጡ ነግረናቸዋል፤ በአደጋ ቀን የአምቡላንስን ወይም የአውሮፕላን ማረፊያን ንግግር ማወክ ራሱ ሌላ አደጋ ነውና።

ከቡድኑ አንዳንዶቹ የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን በግል ፍላጎት የሚሠራበት ሬዲዮ፣ ፈቃድ ለማውጣት ፍላጎት አላቸው፤ እኔም ደግፌያለሁ። በአገራችን የአማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው ጣቢያው ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። አማተሮች ለአደጋ ጊዜ ምን እንደሚጠቅሙ ለማስረዳት የመረጥኩት ምሳሌ የአንዳማን ደሴቶች ነው። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲደርስ ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ሕንዳዊት አማተር በአጋጣሚ ለሌላ የሬዲዮ ሥራ ከባልደረቦቿ ጋር ፖርት ብሌር ነበረች። ከደሴቶቹ ጋር የነበረው መደበኛ መገናኛ ተቋርጦ ሳለ የብዙ ቤተሰቦችን መልእክት በሬዲዮ አስተላልፋለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. (በ2003 እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ደንብም መንግሥታት አማተሮች ለአደጋ ጊዜ አስቀድመው እንዲዘጋጁ የሚያስችል እርምጃ እንዲወስዱ ያበረታታል። ይህ ግን ፈቃድ ላለው ሰው ነው። እስከዚያው ድረስ በአማተር ሞገድ ላይ ከማዳመጥ አናልፍም።

ጥር 27

የእጅ ሬዲዮዎቹ አካል ደኅና ነው፤ ባትሪዎቻቸው ግን ሞተዋል። ባትሪው ብቻውን በመልቲሜትር ሲለካ 7.4 ቮልት ያሳያልና ላየው ሰው ጤነኛ ይመስላል። ሬዲዮው ላይ ተገጥሞ የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን ግን ቮልቴጁ በዓይናችን ፊት ወደ 5 ይወርድና ሬዲዮው ጢጥ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ባትሪ የሚፈተነው ቁልፉ ተጭኖ እያለ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል።

አዲስ ባትሪ ማስመጣት ከአቅማችን በላይ በመሆኑ፣ የባትሪዎቹን ቤት ከፍተን በውስጣቸው የነበረውን አውጥተን በሁለት ሁለት የሊቲየም ሴሎች እየተካን ነው። ሴሎቹ ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች የወጡ ናቸው። አቅማቸው አንድ በአንድ ተለክቶ ተቀራራቢ የሆኑት ብቻ ይጣመራሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድም መከላከያ ሰሌዳ ይገባለታል። የድሮው ቻርጀር ለኒኬል ባትሪ የተሠራ ስለሆነ ከአሁን በኋላ መጠቀም ክልክል ነው። ይህን ለማስከበር ቻርጀሮቹን ሰብስቤ ቆልፌባቸዋለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ለጥፎ መተው የሚበቃ አልመሰለኝም።

ሌላው ችግር ሬዲዮዎቹ እርስ በርስ አለመሰማማታቸው ነበር። ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ሆኖ ሳለ ገሚሶቹ ዝም ይላሉ። ምክንያቱ ከድምፁ ሥር ተደብቆ የሚላከው ዝቅተኛ ቃና በየሬዲዮው የተለያየ ሆኖ መሞላቱ ነው፤ የሚጠብቀውን ቃና ያልሰማ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። ለማስተካከል የአምራቹ ፕሮግራም የሚሠራበት፣ ባለ ዘጠኝ ፒን ሲሪያል ወደብ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተገኘ፤ ባለቤቱም በውሰት ሰጠን። በሁሉም ሬዲዮዎች ላይ ቃናውን አጥፍተነዋል። በሰላም ጊዜ ጸጥታን ይሰጣል፤ በአደጋ ጊዜ ግን አንድ በስህተት የተሞላ ሬዲዮ የሚጮኸውን ሰው እንዳንሰማ ያደርገናል።

የካቲት 8

ዛሬ የመሬቱን አቀማመጥ በሬዲዮ ለካነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትተኛለች። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር የሚባለው መንገድ በአየር መስመር ሲታይ ግማሽ ያህል ነው። በሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ርቀት ለጂኤም 360 ቀልድ ነበር። ነገር ግን የእጅና የመኪና ሬዲዮዎቻችን የሚሠሩበት ቪኤችኤፍ ሞገድ ከዓይን እይታ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ በመካከል የቆመው ሸንተረር ከርቀቱ ይልቅ ወሳኝ ነው።

ከደሴ ፒያሳ በ25 ዋት ስንጠራ ኮምቦልቻ ላይ የተሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የተመለሰውም መልስ ትርጉም አልነበረውም። ኃይል እንጨምር የሚል ሐሳብ ወዲያው ተነሳ፤ ተራራ ግን በዋት አይበሳም። መኪናችን በሁለቱ ከተሞች መካከል ከፍ ብሎ ያለው ሐረጎ ላይ ደርሳ ቆመችና አንድ ሰው የእጅ ሬዲዮ ይዞ ወረደ። በ5 ዋት ብቻ ኮምቦልቻን ቁልጭ አድርጎ ሰማ፤ ኮምቦልቻም ሰማችው። ፊቱን ወደ ደሴ መልሶ ሲጠራ የከተማዋ ከፍተኛ ክፍሎች ጥርት ብለው መለሱ። ፒያሳና ከዚያ ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ግን አንዱ እየተሰማ ሌላው እየጠፋ አስቸገሩ።

በእነዚህ ሰፈሮች የታየው ነገር በማስታወሻ ሊያዝ ይገባዋል። ሞገዱ ከጦሳ ግድግዳ እየነጠረ በብዙ መንገድ ስለሚደርስ፣ ሰውዬው ባለበት ቆሞ ሲናገር የማይሰማው፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ይሰማል። የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ያህል በመሆኑ ግማሽ ሜትር መንቀሳቀስ ብቻ ለውጥ ያመጣል። «አልተሰማህም» የተባለ ሰው ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ቦታውን መቀየር እንዳለበት በሥልጠናው ላይ ይገባል። የደሴ ጉም ሬዲዮውን ያፍነዋል የሚሉም ነበሩ፤ ጉም በዚህ ሞገድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ጠዋት ጉሙ ሐረጎን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ሳለ የተሰማው ድምፅ ከሰዓት በኋላ ከተሰማው በምንም አልተለየም።

የካቲት 16

ሐረጎ ላይ ምን ይቀመጥ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደርጓል። የቡድኑ አብዛኛው ሰው ሪፒተር ይተከል ባይ ነበር፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተላልፍ ማሽን ማለት ነው። እኔ የተቃወምኩት ለሪፒተር ጥላቻ ኖሮኝ አይደለም። ሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ የራሱ ስርጭት የራሱን ጆሮ እንዳያደነቁረው የሚለይ ማጣሪያ፣ ቋሚ ኃይልና ዘበኛ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ሲበላሽ መበላሸቱ የሚታወቀው በተፈለገበት ሰዓት ነው።

በምትኩ ያቀረብኩት ሐሳብ ሐረጎ ላይ ነዋሪ የሆነ ሰው አሠልጥኖ የመኪና ሬዲዮና የውጭ አንቴና በቤቱ መትከል ነው። ከደሴ የሰማውን ይጽፋል፤ ለኮምቦልቻ ያነባል። ሰው ማሽን የማይችለውን ይችላል፦ ሁለት መልእክት በአንድ ጊዜ ቢመጣ የትኛው እንደሚቀድም ይለያል፤ ያልገባውን መልሶ ይጠይቃል፤ ኮምቦልቻ ለጊዜው ባትመልስ መልእክቱን ይዞ ይቆያል። ጉዳቱም አይካድም። እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ ሰውየውም ይተኛል፣ ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል። ስለዚህ በቤቱ ሁለተኛ ሰው እንዲሠለጥን ሆኖ ሐሳቡ ጸድቋል። የሐረጎው ሰው ባለቤቱን አስመዝግቧል፤ ከሁለቱ የእጅ ጽሑፍ የሚነበበው የእርሷ ነው።

የኃይሉ ስሌትም ዛሬ ተሠርቷል። ሬዲዮው ሲያዳምጥ 0.3 አምፒር፣ ሲናገር 6 አምፒር ገደማ ይወስዳል። ሙሉ ቀን ተከፍቶ ከጊዜው ሃያ እጅ አንዱን ቢናገር፣ ለማዳመጡ 7.2፣ ለመናገሩም 7.2፣ በድምሩ 14.4 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ባለ 70 አምፒር ሰዓት የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተደረገ፣ ያለ ምንም ቻርጅ ከሁለት ቀን ጥቂት አለፍ ይላል። ለሦስተኛው ቀን ሶላር ያስፈልጋል። ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል ማለት ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር በቀይ ቀለም ሬዲዮው ላይ ተጽፏል።

መጋቢት 4

ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ላይ በመግባታቸው የቡድኑ ጉልበት ቀንሷል፤ የጣሪያና የምሰሶ ሥራ ለጠዋት፣ የጠረጴዛ ሥራ ከኢፍጣር በኋላ እንዲሆን ተደልድሏል።

ለሐረጎና ለደሴው ማዕከል የሚሆኑት አንቴናዎች በእጅ ተሠርተዋል። ለ155 ሜጋኸርዝ የቋሚው ዘንግ ርዝመት 46 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከሥሩ ጥቂት የሚረዝሙ አራት ዘንጎች በ45 ዲግሪ ወደ ታች ዘንበል ብለው ተበይደዋል፤ ዝንባሌው ለውበት አይደለም፣ አንቴናው ከ50 ኦም ኬብል ጋር እንዲስማማ የሚያደርገው እርሱ ነው። ምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። የደሴው አንቴና በመለኪያ ሲታይ የተመላሽ ሞገዱ ንጽጽር 1.3 መጣ፤ ከ1.5 በታች እስከሆነ ድረስ አልነካውም።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ከኬብሉ ነው። በእጃችን የነበረው ቀጭኑ አርጂ 58 ኬብል 20 ሜትር ያህል ሲዘረጋ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ይበላል። ሬዲዮው 25 ዋት ሲያወጣ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 10 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው፤ የሚሰማው ድምፅም በዚያው ልክ ይደክማል። ወፍራሙ አርጂ 213 ውድ በመሆኑ፣ የተገኘችው ቁራጭ ለሐረጎ ተሰጥታ፣ በደሴ ግን ሬዲዮው ራሱ ወደ አንቴናው ቀርቦ ኬብሉ እንዲያጥር ተደርጓል። የኬብሉ መጋጠሚያ በናስትሮ ተጠቅልሎ በላዩ የብስክሌት ካላማደሪያ ተወጥሮበታል። ውኃ አንድ ጊዜ ወደ ኬብሉ ጥልፍ ከገባ አይወጣምና ክረምት ሳይመጣ ይህን መጨረስ ግድ ነበር።

መጋቢት 24

ዒድ ካለፈ በኋላ የንግግር ሥልጠና ተጀምሯል። ከመሣሪያው ሥራ ሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ሆኗል።

አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ኦፕሬተር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ልምምድ ያለ ምንም ደንብ እንድንሠራ ፈቀዱልን። ከደሴ ሮቢት ሰፈር የተነሳው መልእክት «ስልሳ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፣ ብርድ ልብስ ይፈለጋል» የሚል ነበር። ኮምቦልቻ ላይ የተጻፈው «ሠላሳ ሰው» ሆኖ ተገኘ። ሐረጎ ላይ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቷን አሳየች፤ እርሷ ዘንድ ስልሳ ነው። ስህተቱ በሁለተኛው ጉዞ የመጣ ነው። ጋሼ ምንም ሳይቆጡ፣ «ስልሳ አይባልም፤ ስድስት-ዜሮ በሉ። ሠላሳም ሦስት-ዜሮ ነው። የተቀበለውም መልሶ ይቁጠር» አሉ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ልምምዶች በቁጥር ላይ ስህተት አልታየም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ በር ስታልፍ «ጠ» ከ«ተ»፣ «ቀ» ከ«ከ»፣ «ሰ»ም ከ«ፈ» ትመሳሰላለች፤ ጩኸት ከተጨመረበትማ የባሰ ነው። የሰውና የቦታ ስም አጠራጣሪ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል በታወቀ ስም እንዲጠራ ተወስኗል፦ «ጠ» ለጦሳ፣ «ተ» ለተሁለደሬ፣ «ቀ» ለቃሉ፣ «ከ» ለኩታበር። ሰልጣኞቹ የአገራቸውን ስም ስለሚያውቁት በቃል ማጥናት አላስፈለጋቸውም።

ሰዓትም እንዲሁ አከራክሯል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡00 የሚባለው በውጭ ድርጅቶች መዝገብ 8፡00፣ በዓለም አቀፍ የሬዲዮ ሰዓት ደግሞ 5፡00 ነው። ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ከተቀላቀሉ አምቡላንስ ከሦስት ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊጠራ ይችላል። በመካከላችን የኢትዮጵያ ሰዓት ብቻ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለው ሳይቀር እንዲነገር ተደንግጓል። ወደ ውጭ የሚሄደውን የሚቀይረው የደሴው ማዕከል ብቻ ነው።

የመልእክቱ ቅጽ አንድ ገጽ ነው፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ የተጎዱ ሰዎች ብዛት፣ የሚፈለገው እርዳታ። የሟች ስም በሬዲዮ አይነገርም። ሬዲዮውን ማንም ሊሰማው ስለሚችል መርዶ በዚህ መንገድ ወደ ቤተሰብ እንዲደርስ አንፈቅድም፤ በዚህ ላይ አንድም ሰው አልተቃወመም።

ሚያዝያ 23

ኮዳኑ ተነሳ። ከደሴ አዲስ አበባ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ቪኤችኤፍ ፈጽሞ አይደርስም። ኮዳኑ በሚሠራበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ በኤችኤፍ ግን ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ልኮ ከላይኛው የአየር ክፍል አንጸባርቆ በዙሪያው ባለው አገር ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ተራራም አያግደውም። ለዚህ የሚሆነው አንቴና ከፍ ያለ ሳይሆን ዝቅ ያለ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ለማዳመጥ ግራና ቀኙ አሥር አሥር ሜትር የሆነ ሽቦ በሁለት አጣና መካከል ከመሬት ስድስት ሜትር ከፍታ ላይ ተወጥሯል። ቀን ቀን ጥሩ ይሰማል፤ ሲመሽ የላይኛው አየር ስለሚሳሳ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መውረድ ያስፈልጋል። የማስተላለፊያው ፍሪኩዌንሲዎች በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ በእነርሱ ልክ የሚቆረጥ ሌላ ሽቦ ተዘጋጅቷል። የአማተሮች የአደጋ ጊዜ መገናኛ የሆነው 7.110 ሜጋኸርዝ በማዳመጫ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሙሉ ልምምድ ተደርጓል። የታሰበው አደጋ በሌሊት ዝናብ የደረሰ የመሬት መንሸራተት ሲሆን ስልክ መጠቀም ለሁሉም ተከልክሏል። ከሬዲዮው እስከ ሕዝቡ ያለውን የመጨረሻ ርቀት ማን ይሸፍነዋል የሚለውን ጥያቄ የመለሱት ቅሬዎች፣ ማለትም የወሎ እድሮች፣ ናቸው። በየሰፈሩ የቅሬ ዳኛ አለ፤ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ አቅመ ደካማ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለቅሶ ሲሆን ሰው የሚጠራበት ሥርዓትም የቆየ ነው። የእጅ ሬዲዮዎቹን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከማስቀመጥ ይልቅ ከቅሬ ዳኞቹ ዘንድ እንዲሆኑ የወሰንነው ለዚህ ነው። ጽሕፈት ቤት በሌሊት ይዘጋል።

ልምምዱ በጥቅሉ ሠርቷል። የታየው ዋና ጉድለት ሁለት ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ነው፤ በዚህ ዓይነት ሬዲዮ ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ሙሉ በሙሉ ስለሚውጠው፣ የተዋጠው ሰው አለመሰማቱን ራሱ አያውቅም። የደሴው ማዕከል በየተራ እየጠራ «ገራዶ፣ አለህ ወይ? ኦቨር» እያለ ፈቃድ እስካልሰጠ ድረስ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይናገር ተደርጎ ከሰዓት በኋላ ሲደገም ሁሉም መልእክቶች ደረሱ። አንዲት የቅሬ እናት ሬዲዮውን በጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ ሲናገሩ አንቴናው ተጠቅልሎ ስለነበር ድምፃቸው አልወጣም። «ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉ፤ አንቴናውን ቀና አድርገው ሲይዙት ከሐረጎ ወዲያው መልስ መጣላቸው።

ሰኔ 2

ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚቀሩት ሥራዎች የሐረጎ ሶላር መትከል፣ ለኮምቦልቻ ሁለተኛ ተረኛ ማግኘትና የፈቃዱን እድሳት መከታተል ናቸው። ዘወትር እሑድ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ሁሉም ጣቢያ ይጠራል፤ ያልመለሰ ጣቢያ ሰኞ በአካል ይጎበኛል፤ ባትሪውም ቁልፉ ተጭኖ እያለ ይለካል። የጥሪው መዝገብ በደሴው ማዕከል ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ተረኛ ጋሼ ናቸው።